ለጠያቂው የሚመልስ ማሳያ

የንግድ ሥራ በዕቃው ማማር ብቻ የሚቃና አይደለም። ዕቃው ምንም ያህል የተዋጣለት ቢሆን፣ ሻጩ ስለ ዕቃው የሚያስረዳበት አንደበት፣ ገዢውም የልቡን ጠይቆ የሚረዳበት መንገድ ካላገኘ፣ ገበያው ተያይቶ መለያየት ይሆናል። ኤግዚቢሽን የሚባለው ታላቅ የትርኢት ገበያ በዓለም ላይ የተለመደውም ይህን ችግር ለማቃለል ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1851 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ፣ ከብረትና ከመስተዋት በተሠራ አዳራሽ ውስጥ ልዩ ልዩ መንግሥታት የእጅ ሥራቸውን ባሳዩ ጊዜ፣ 6 ሚሊዮን ያህል ሰው እየመጣ እንደ ተመለከተው ይነገራል። በኢትዮጵያም በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት በተከበረ ጊዜ በአዲስ አበባ ታላቅ ኤግዚቢሽን ተደርጎ ነበር። ከዚያ ወዲህ የትርኢቱ ልማድ እየሰፋ ሄዶ፣ ዛሬ በየዓመቱ የእርሻውም፣ የፋብሪካውም፣ የቴክኖሎጂውም ውጤት በየአዳራሹ ይታያል።

የአዳራሹ መልክ ግን እንደ ቀድሞው አይደለም። ቀድሞ ዕቃው በጠረጴዛ ላይ ተደርድሮ፣ ስሙና ዋጋው በካርቶን ተጽፎ ይታይ ነበር። አሁን በዳሱ መካከል አንድ ትልቅ የመስተዋት ሰሌዳ ቆሞ፣ ብርሃን እያበራ፣ ሥዕል እያንቀሳቀሰ፣ በጣት ሲነኩትም እንደ መጽሐፍ ገጹን እየገለጠ ይናገራል፤ በተለምዶ ዲጂታል ስክሪን የሚባለው ይህ ነው። በመስከረም ወር 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው የሳይንስ ሙዚየም፣ በ2017 ዓ.ም. የተመረቀው አዲስ ዓለም አቀፍ ኮንቬንሽን ማዕከል፣ በዚያም ከግንቦት 8 እስከ 10 ቀን 2017 ዓ.ም. የተደረገው ኢቴክስ የተባለው የቴክኖሎጂ ኤክስፖ፣ ይህ ዓይነቱ ማሳያ ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ መሆኑ እንደ ቀረ ይመሰክራሉ።

ይህ የሚያስደስት ነገር ነው። ዳሩ ግን ደስታው ብርሃኑን በማየት ብቻ እንዳይቀር፣ እንዲህ ያለው ማሳያ የሚሠራው ለማን ነው ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆናል። ለመራቂው ሹም ነውን? ወይስ ዕቃውን ሊገዛ፣ ሊማር፣ ሊዋዋል ለመጣው ሰው? በብዙ ዳስ የሚታየው ልማድ ይህ ነው፤ ስክሪኑ ሪባኑ ሲቆረጥ ያበራል፤ የመሥሪያ ቤቱን አርማና የኃላፊዎቹን ፎቶግራፍ እያፈራረቀ ያሳያል፤ ሙዚቃም ያሰማል። ተመልካቹ ቀርቦ ጣቱን ቢያሳርፍበት ግን ያው የጀመረውን ፊልም ይቀጥላል እንጂ ለጥያቄው መልስ አይሰጥም። እንዲህ ያለው ነገር ዋጋው የበዛ ግድግዳ ነው እንጂ ማሳያ ሊባል አይገባውም።

በዚህ ነገር የሚጠቀስ አንድ የቆየ ታሪክ አለ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. በካናዳ አገር በሞንትሪያል ከተማ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ኢትዮጵያም የራሷ ማሳያ ነበራት። በዚያው ኤግዚቢሽን የቼኮስሎቫኪያ መንግሥት ኪኖአውቶማት የተባለ አዲስ ሲኒማ አሳየ። በእያንዳንዱ ወንበር ላይ አንድ ቀይና አንድ አረንጓዴ ቁልፍ ነበረ፤ ፊልሙ በመካከሉ ይቆምና ባለታሪኩ ይህን ያድርግ ወይስ ያን ተብሎ ሕዝቡ ይጠየቃል፤ ቁልፉ ተጭኖ ድምፁ ከተቈጠረ በኋላ ብዙኃኑ የወደደው መንገድ ይታያል። ተመልካቹም የታሪኩ አዛዥ የሆነ መስሎት እጅግ ተደነቀ። ነገሩ ግን በጥበብ የተሠራ ነበርና፣ ሕዝቡ ቀዩንም መረጠ አረንጓዴውን፣ ሁለቱ መንገዶች ጥቂት ሄደው ተመልሰው ይገናኙ ነበር፤ የታሪኩም ፍጻሜ አንድ ነበር። ሠሪዎቹ ይህን ያደረጉት ለጨዋታና ለምጸት ስለ ነበር ነቀፋ የለባቸውም። የዛሬው ባለ ዳስ ግን ሳያስበው እንደዚያ ያለ ነገር እየሠራ፣ አሥር ቁልፍ አኑሮ አሥሩም ወደ አንድ የምስጋና ጽሑፍ የሚወስዱ ሲሆኑ፣ ተመልካቹ መልስ አገኘ ለማለት አይቻልም።

ነገሩን በሩቅ አገር ምሳሌ ብቻ ከመተው፣ በምሥራቅ ጎጃም ባለችው በአምበር ላይ አድርጎ ማየት ይሻላል። የአምበር፣ የቢቸናና የሞጣ አገር በጤፉ የታወቀ ነው። ከዚያ አገር አንድ የገበሬዎች ማኅበር ጤፉን ጭኖ፣ የዓባይን ሸለቆ ወርዶና ወጥቶ፣ አዲስ አበባ ከሚደረገው ትርኢት ቢደርስ የሚሰጠው ዳስ ስፋቱ ጥቂት ክንድ ነው። ጤፍ ደግሞ ራሱን ለማሳየት የሚከብደው እህል ነው። በአንድ ግራም ውስጥ 3000 ያህል ቅንጣት ስለሚገኝ፣ ከሩቅ ለሚያይ ሰው የአንዱ አገር ጤፍ ከሌላው አይለይም። ቡና በሽታው፣ ማር በጣዕሙ፣ ሸማ በጥለቱ ይናገራል፤ ጤፍ ግን በጆንያ ውስጥ ሆኖ ዝም ይላል። ስለዚህ ተናጋሪ ያስፈልገዋል።

ወደ ዳሱ የሚመጣው ገዢ የሚጠይቀው የታወቀ ነው። ጤፉ ማኛ ነው ወይስ ሰርገኛ? ዘሩ በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ዘይት የምርምር ማዕከል የወጣው ቁንጮ ነው ወይስ የጥንቱ የአገር ቤት ዘር? የተወቃው በበሬ በአውድማ ነው ወይስ በመኪና? አፈርና አሸዋስ የለበትምን? በአንድ ጊዜ ስንት ኩንታል ይገኛል? የሚያስረክበው ማን ነው? ገንዘቡስ የሚከፈለው ለማን ነው? እንጀራ ጋግሮ ወደ ውጭ አገር የሚልከው ነጋዴ፣ ለልጆቿ የምትገዛው እመቤት፣ ስንዴ ለማይስማማው ሰው ዱቄት የሚፈልገው የውጭ አገር ገዢ፣ ሁሉም በየራሱ መንገድ የሚጠይቀው ይህን የመሰለ ነገር ነው። ስክሪኑ በዚህ ጊዜ የጮቄን ተራራ ደመናና የዓባይን ፏፏቴ ቢያሳይ ለዐይን ያማረ ይሆናል፤ ፏፏቴው ግን ጤፉ አሸዋ እንዳለበትና እንደሌለበት አይናገርም። አሸዋውን ፈርቶ ዝም ብሎ ያለፈው ገዢ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ከጎጃም ድረስ የተከፈለው የመኪና ኪራይ በከንቱ ይቀራል፤ የተመለሰው ገበሬም በሚመጣው ዓመት ጤፉን በደጁ ለመጣው ደላላ በሰጠው ዋጋ ይለቅለታል።

የገዛ ዕቃን ታሪክ በገዛ አንደበት አለመናገር የሚያመጣው ጉዳት በጤፍ ላይ አስቀድሞ የታየ ነው። አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄትና ከዱቄቱ በሚሠራው ምግብ ላይ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. የአውሮፓ የፈጠራ መብት ወረቀት ተሰጥቶት ነበር። የሔግ ፍርድ ቤት በአገሩ የሚሠራበትን መብት አዲስ ፈጠራ የሌለበት ነው ብሎ የሻረው በ2011 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ፣ የኢትዮጵያ እናቶች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት የዱቄት አያያዝ በሰው አገር ወረቀት የሌላ ሰው ሀብት ተብሎ ተጽፎ ኖረ። ማሳያ ብቻውን እንዲህ ያለውን ነገር ይከለክል ነበር ማለት አይቻልም። ነገር ግን ዕውቀቱ በግልጥ ተጽፎ፣ ተስሎ፣ በዓለም ገበያ ፊት ቀርቦ ቢገኝ ለተከራካሪው ማስረጃ ይሆነዋል።

እንግዲህ ጠቃሚ ማሳያ እንዴት ይሠራል? ብዙ ሰው ሥራው ከመስተዋቱ የሚጀምር ይመስለዋል፤ ስለዚህ በጀቱ ከተፈቀደ በኋላ የመጀመሪያው ነገር የስክሪኑን ስፋት መለካት ይሆናል። ይህ ጣራውን ሠርቶ መሠረቱን እንደ መፈለግ ነው። የሚቀድመው የጥያቄው መዝገብ ነው። ትርኢቱ ከመድረሱ ሁለት ወይም ሦስት ወር አስቀድሞ አንድ ጸሐፊ ወደ አምበር ገበያ ወርዶ፣ ገዢና ሻጭ ሲከራከሩ የሚናገሩትን በቃላቸው ይጻፍ። ከዚያም እያንዳንዱን ጥያቄ ለሚያውቀው ሰው አቅርቦ መልሱን ይቀበል፤ ስለ ዘሩ የእርሻ ባለሙያውን፣ ስለ አወቃቀጡ ገበሬውን፣ ስለ ውሉና ስለ ርክክቡ የኅብረት ሥራ ማኅበሩን ሹም። ይህ መዝገብ ካለ የማሳያው ግማሽ አልቋል።

ይህ አሠራር ከውጭ የመጣ አዲስ ትምህርት እንዳይመስል፣ የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ነገሩን ከማንም ይልቅ ያውቁታል። የአንድምታ መምህር ምሥጢሩን ሲያፍታታ፣ ተማሪው በልቡ የሚጠይቀውን ቀድሞ «ምነው ቢሉ» ብሎ ያነሣዋል፤ ወዲያው መልሱን ይሰጠዋል፤ አንዱ መልስ ያልበቃው እንደ ሆነ «አንድም» ብሎ ሁለተኛውን ያመጣለታል። በጣት የሚነካ ማሳያ በትክክል ሲሠራ መልኩ ይኸው ነው። የመጀመሪያው ገጽ ጥያቄዎቹን ይደረድራል፤ አንዱ ሲነካ አጭር መልስ ይወጣል፤ ከዚያ በታች ጠለቅ ብሎ ማወቅ ለሚፈልግ ሌላ መልስ ይቀመጣል፤ ወደ መጀመሪያው የሚመልሰው በርም ከዐይን አይጠፋም። በግድግዳ ላይ የተሣለው የቅዱሳን ሥዕልም ፊደል ላልቈጠረው ምእመን መጽሐፍ ሆኖ ኖሯል፤ ሆኖም ሥዕሉ ብቻውን አልነበረም። መሪጌታው ወይም ካህኑ በመቋሚያው እያመለከተ፣ ይህ ማን ነው ለሚለው ሁሉ ይመልስ ነበር። የዲማና የደብረ ወርቅ አገር ሰው ይህን ለማስረዳት ምስክር አያሻውም።

የሚመልስ መሣሪያ ለገበሬውም ቢሆን አዲስ አይደለም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የዕለቱን ዋጋ የሚያሳዩ የኤሌክትሪክ ሰሌዳዎች በገጠር የገበያ ከተሞች አቁሟል፤ ዋጋ በ929 የስልክ ቁጥር የሚጠየቅበትንም መንገድ አበጅቷል። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ገበሬው ወደ 8028 በነፃ እየደወለ፣ ቋንቋውንና የእህሉን ዓይነት በስልኩ ቁልፍ እየመረጠ፣ ስለ አዘራርና ስለ ማዳበሪያ የተቀረጸ ምክር የሚሰማበት አገልግሎት ተከፍቶ፣ እጅግ ብዙ ሰው ደውሎበታል። በዚህ አገልግሎት የሚያብረቀርቅ ነገር አንድም አልነበረበትም። ገበሬው የወደደው ስለ ጠየቀው ነገር በሚገባው ቋንቋ ስለ ተመለሰለት ነው። የኤግዚቢሽን ማሳያ ሠሪዎች ከዚህ ስልክ የሚማሩት ብዙ ነገር አለ።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የመስተዋቱ ነገር ነው፤ በዚህም ላይ ብዙ ሳይታወቅ የሚደርስ በደል አለ። በስልክ ላይ ያለው ዓይነት መስተዋት የሚሠራው በላዩ የተዘረጋው ቀጭን የኤሌክትሪክ ኃይል የሰው ጣት ሲቀርበው ስለሚለወጥ ነው። እርፍ ሲጨብጥና ዶማ ሲያነሣ የኖረ ሰው ግን ጣቱ ስለሚደድርና ስለሚደርቅ፣ መስተዋቱ አንዳንድ ጊዜ አያውቀውም። ገበሬው አንድ ጊዜ ይነካዋል፤ ዝም ይለዋል፤ ሁለተኛ ይነካዋል፤ ዝም ይለዋል፤ ከኋላው የቆሙት የከተማ ልጆች ሲስቁ ጥፋቱ የራሱ መስሎት እጁን ሰብስቦ ይሄዳል። አገሩን ያበላ እጅ በአደባባይ እንዲያፍር የሚያደርግ ዕቃ በመንግሥት ገንዘብ መገዛት የለበትም። ሌላ ዓይነት ስክሪን አለ፤ በጠርዙ ዙሪያ በዐይን የማይታይ ብርሃን ከዳር እስከ ዳር ስለሚያልፍ፣ ብርሃኑን ያቋረጠው ጣት ቢሆን፣ ጓንት የለበሰ እጅ ቢሆን፣ እንጨትም ቢሆን ያውቀዋል። ይህኛው አቧራ በጠርዙ ላይ ሲከማች ስለሚሳሳት ጠዋትና ማታ መጥረግ ይፈልጋል፤ ጨርቅ ይዞ የሚጠርግ ሰው ማግኘት ግን አያስቸግርም።

መልሱ በጽሑፍ ብቻ መሆን የለበትም። ፊደል ያልቈጠረ ሰው ወደ ትርኢት ሲመጣ እንደ ዕውር መቈጠር አይገባውም፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ጥያቄ አጠገብ ሥዕል ይኑር፤ ሲነካም ጥያቄውና መልሱ በጥሩ አማርኛ በድምፅ ይነበብ። ጮኾ የሚናገር መሣሪያ በአዳራሽ ውስጥ ከጎረቤቱ ጋራ ሲሻማ ሁለቱም ስለማይሰሙ፣ ድምፁ ለቀረበው ሰው ብቻ እንዲሰማ ማድረግ ይሻላል። ቁልፎቹም ተሽከርካሪ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው እጅ ከሚደርስበት ከፍታ በላይ አይሰቀሉ።

ስለ ፊደሉም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። የግዕዝ ፊደል የዓለም ኮምፒዩተሮች በአንድነት በሚጠቀሙበት ዩኒኮድ በተባለው ሠንጠረዥ የገባው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1999 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ በዛሬ ጊዜ አማርኛ በስክሪን ላይ አይጻፍም የሚል ሰው ምክንያት የለውም። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ማሳያዎች አስቀድመው በእንግሊዝኛ ይዘጋጁና አማርኛው በመጨረሻው ሌሊት በመኪና ተተርጕሞ ይለጠፍባቸዋል። የፊደላችን መልክ በትንሽ ጭረት የሚለይ ስለ ሆነ፣ ለላቲን ፊደል የበቃው መጠን ለእርሱ አይበቃውም፤ ሰ ከስ፣ ቀ ከቁ ከሩቅ እንዲለይ ፊደሉ ገዘፍ ማለት አለበት። የሆሄውም አጻጻፍ ቀላል ነገር አይደለም። በግዕዝ ሠረቀ በንጉሡ ሠ ሲጻፍ ወጣ ማለት ነው፤ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ግን ሌባ ያደረገውን ይናገራል። በትልቅ መስተዋት ላይ የተሳሳተ ጽሑፍ በሺህ ሰው ፊት ስለሚቆም፣ ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ለአንድ ሊቅ ሰጥቶ ማስመርመር ይገባል። ይህን የሚያደርግ የተማረ ካህን በየደብሩ ሞልቶ ሳለ አንድም ዳስ ሲጠይቀው አይታይም።

ካህናቱን የሚመለከት ሌላም ጉዳይ አለ። የጎጃም አድባራትና ገዳማት ለአገር ጎብኚ በሚዘጋጅ ትርኢት ላይ ሲጠሩ፣ የብራና መጽሐፍ ወይም መስቀል ከዕቃ ቤት አውጥቶ ወደ አዲስ አበባ መላክ ብዙ ጊዜ ያስፈራል፤ ፍርሃቱም የተገባ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ፣ መጽሐፉ በስፍራው ሳለ ምስሉ ብቻ ሊጓዝ እንደሚችል አሳይቷል። ዛሬ ያ ምስል በሚነካ መስተዋት ላይ ገጹን እየገለጠ ሊነበብ ይችላል። ነገር ግን ፎቶግራፉ የሚነሣው በደብሩ አለቃና በማኅበረ ካህናቱ ፈቃድ ይሁን፤ ለማን እንደሚታይ በጽሑፍ ይወሰን፤ አንድ ሙሉ ግልባጭም በደብሩ እጅ ይቅር። ይህ ሳይሆን ምስሉን ይዞ የሚሄድ ሰው ቢመጣ አለቃው እምቢ ማለቱ ኋላ ቀርነት አይባልም።

ኤሌክትሪኩ ደግሞ ሌላ ሐሳብ ይጠይቃል። በጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ የዓባይ ግድብ 5150 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የሚችል ነው፤ ግድቡ ሞልቶ ሳለ ግን ወደ አዳራሹ ወይም ወደ ወረዳው ከተማ የሚገባው ሽቦ ሊበጠስ ይችላል። ትልቅ ስክሪን ከትንሽ ኮምፒዩተሩ ጋራ 150 ዋት ያህል ቢወስድ፣ 12 ቮልት 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ የመኪና ዓይነት ባትሪ በሙሉው 1200 ዋት ሰዓት አለው፤ ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹ ብቻ ቢሠራበት አራት ሰዓት ያህል ያቆያል። ለአንድ የትርኢት ከሰዓት በኋላ ይህ ይበቃል። እንደዚሁም ጽሑፉ፣ ድምፁና ሥዕሉ ሁሉ በማሳያው ሆድ ውስጥ ይቀመጥ እንጂ ከኢንተርኔት እየተለመነ አይምጣ። ሹማምንቱ በሚጎበኙበት ሰዓት ኔትዎርክ ጠፍቶ ባዶ መስተዋት ፊት መቆም በየትርኢቱ የሚደርስ ኀፍረት ነው፤ ጥፋቱም ከኔትዎርኩ ይልቅ እርሱን ካመነው ሠሪ ነው።

ስለ ዋጋው የሚነሣው ተቃውሞ ክብደት አለው። ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ውድ ሆኗል። ለማዳበሪያ ገንዘብ ያጠረው ወረዳ ስክሪን ይግዛ ቢባል የሚሰማ የለም፤ ሊሰማም አይገባውም። ደግሞም ጤፉን ዘርቶ ያጨደው ገበሬ በዳሱ ቆሞ በአፉ ሲናገር የሚተካከለው መሣሪያ አይገኝም፤ ገንዘቡ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለስክሪኑ ከመክፈል ለገበሬው የመንገዱንና የማደሪያውን መክፈል ይሻላል። ማሳያው የሚያስፈልገው የአንድ ሰው ጕሮሮ ከጠዋት እስከ ማታ ለሺህ ጠያቂ መመለስ ስለማይችል ነው። ገበሬው የማያውቀውን ቋንቋ የሚናገር እንግዳ ሲመጣም ያግዘዋል። በዚህ ልክ ከታሰበ መስተዋቱን መግዛት እንኳ ግድ አይደለም፤ ለሦስት ቀን መከራየት ይበቃል። ለዘለቄታው የሚቀረው ሀብት በውስጡ ያለው የጥያቄና የመልስ መዝገብ ነው። ይህን ግን አብዛኛው የጨረታ ሰነድ አይጠቅሰውም፤ የስክሪኑን ኢንች በዝርዝር ይጽፍና ይዘቱን በአንድ መስመር ያልፈዋል። ስለዚህ ሰነዱን የሚያዘጋጁት የመሥሪያ ቤት ሹማምንት ለጽሑፉ፣ ለድምፁ፣ ለማረሚያው ራሱን የቻለ ገንዘብ ቢመድቡ፣ ፕሮግራሙም ከትርኢቱ በኋላ የማኅበሩ ንብረት ሆኖ እንዲቀር በውሉ ቢያስጽፉ መልካም ነው።

ሠሪዎቹን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ለአምበር ቅርብ ነው። የኮምፒዩተር ትምህርት የሚማሩ ተማሪዎች ለመመረቂያ ከሚሠሩት ሥራ አንዱ የአንድ ማኅበር ማሳያ ቢሆን፣ ጽሑፉ በመደርደሪያ ላይ አቧራ ከሚጠጣ ጤፍ ይሸጥበታል። ተማሪው ሥራውን ከመጨረሱ በፊት በቅዳሜ ገበያ አንድ ገበሬ፣ አንዲት የእንጀራ ሻጭና አንድ ካህን እንዲሞክሩት ያድርግ፤ ሲሞክሩትም አጠገባቸው ቆሞ ይህን ንካ ያን ንካ አይበላቸው። ዝም ብሎ ጣታቸው የቆመበትን ስፍራ ይመዝግብ፤ መታረም የሚያስፈልገው እዚያ ላይ ነውና።

ትርኢቱ ሲዘጋ የሚደረገው ነገር ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው ነው። የሚነካ ማሳያ የቱ ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደ ተነካ፣ ለየትኛውም መልስ ሳያገኝ የሄደ ሰው እንዳለ የጠያቂውን ስም ሳያነሣ መቍጠር ይችላል። ይህ ቍጥር ለትርኢቱ አዘጋጅ ሪፖርት ማሳመሪያ ሆኖ መቅረት የለበትም። ከገዢዎቹ ብዙዎቹ የጠየቁት ስለ አሸዋው እንደ ሆነ፣ በአምበር የሚገዛው ሸራና የመውቂያ መኪና ነው፤ ስለ ማኛው እንደ ሆነ፣ የሚፈለገው ዘር ነው፤ ስለ ብዛቱ እንደ ሆነ፣ ማኅበራቱ ምርታቸውን አንድ ላይ የሚያከማቹበት መጋዘን ነው። በግንቦት በተደረገ ትርኢት የተሰበሰበው ይህ ዝርዝር በአንድ ወረቀት ተጽፎ፣ ጤፍ የሚዘራው በሐምሌ ስለ ሆነ፣ ሰኔ ሳያልቅ ከአምበር የገበሬዎች ማኅበር ጽሕፈት ቤት ሊደርስና በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ለተሰበሰበው ሕዝብ ሊነበብለት ይገባል።